ከቡራዩ ሱሉልታ የምትመላለሰው ላም

ዮፍታሔ መኮንን በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቆ ሥራ የጀመረው ሰበታ፣ የአንድ ፋብሪካ ማሽኖችን መቆጣጠሪያ በመጠገን ነበር። በኋላ ወደ እኛ የምርምር ተቋም መጣ። የመጨረሻ ሥራው ላም አንገት ላይ የሚታሰር መሣሪያ ነው። የክብሪት ቀፎ የሚያክል ኮምፒውተር ሙቀትና እንቅስቃሴ ይለካል፤ ላሟ ስትታመም ለባለቤቷ በስልክ መልእክት ይልካል።

መሣሪያው አለቀ። ላም ግን አልነበረም። ግዥ ክፍል ላም ለመግዛት ማኅተም ያረፈባቸው ሦስት ፕሮፎርማዎች ጠየቀ፤ በሱሉልታ ገበያ ደግሞ ማኅተም ያለው ላም ሻጭ የለም። ኦቦ ገርባ የሚባሉ የሱሉልታ ገበሬ የራሳቸውን ላም ሊያውሱት ፈቀዱ። ንብረት ክፍል፣ "ባልተመዘገበ እንስሳ ላይ የመንግሥት ንብረት አይታሰርም" አለ።

"እኔ የተመዘገብኩ ሠራተኛ ነኝ" አለ ዮፍታሔ። የሙቀቱን ልክ ለሰው አስተካክሎ መሣሪያውን አንገቱ ላይ አሰረው። መልእክቱ የሚደርሰው ግን አስቀድሞ በላም ባለቤትነት በተመዘገበው በኦቦ ገርባ ስልክ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ቡራዩ ካለው ቤቱ ሱሉልታ ወዳለው የተቋማችን የምርምር ጣቢያ በሚኒባስ ይመላለስ ጀመር።

"ፋዘር፣ አንገትህ ላይ ያለው ምንድነው?" አለው አንድ ቀን የሚኒባሱ ረዳት።

"የላም ነው። ለጊዜው ላሟ እኔ ነኝ።"

"እሺ ላሜ፣ ጠጋ በይ፣ ሰው ይግባ!"

ፕሮጀክቱ ስለ ላም ስለሆነ በሪፖርቱም "ላሟ" ብሎ ጻፈ። "ላሟ በየቀኑ እንጦጦን ተሻግራ ትመለሳለች፤ እሑድ ጠዋት አትነሳም" ይላል። ሪፖርቱን ያነበቡት የፕሮጀክቱ ገምጋሚዎች ዝርያዋ እንዲራባ ሐሳብ አቀረቡ። ነገር ግን ላሟ ታማ አታውቅም። መሣሪያው ሕመም መለየቱ ካልታየ ፕሮጀክቱ እንደሚዘጋ በስብሰባ ተነገረው።

ሐምሌ ላይ ኦቦ ገርባ ደወሉ።

"አከም ጅርታ፣ ልጄ? ላምህ ታማለች የሚል መልእክት መጣልኝ። ኧረ ሐኪም ቤት ሂድ!"

ዮፍታሔ እየሳለ ከወንበሩ ዘለለ። "ሠራ! ሠራ!"

ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ታከም አልኩት።

"መድኃኒት ከዋጥኩ ሙቀቱ ወርዶ ውጤቱ ይበላሻል። የአንድ ሳምንት ልኬት ይሙላ።"

ሳምንቱ አልሞላም። ሐኪሞቹ የሳንባ ምች ነው፣ ቀደም ብሎ ቢመጣ ይድን ነበር አሉ። ገምጋሚዎቹ መሣሪያው ሕመምን አስቀድሞ በመለየት የላቀ ብቃት እንዳለው አረጋግጠው ፕሮጀክቱን አጸደቁ።

ኦቦ ገርባ ለቅሶ ሊደርሱ ቡራዩ ድረስ መጥተው ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ።

"መልእክቱ በመጣ ቁጥር ደወልኩለት" አሉኝ። "'ኦቦ ገርባ፣ አደራዎን ስልክዎን እንዳይዘጉት፣ ገና እየለካሁ ነው' ይለኝ ነበር።"