የማይታየው ፊልም

በሪሁን መርካቶ ውስጥ ሲሄድ የሚያየው ጣራ ጣራውን ነበር። ተሸካሚዎች "ዘወር በል፣ ዘወር!" እያሉ በጆንያ ገፍተውት ያልፋሉ፤ እሱን ግን የሚያንገበግበው በየቆርቆሮው ላይ በከንቱ የሚፈሰው የፀሐይ ብርሃን ነው።

በ1981 ዓ.ም. ከምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ፣ በርበሬ በረንዳ ከምትነግደው ታላቅ እህቱ ከጤናዬ ቤት አረፈ። "ምን ተማርክ?" ላለው ሁሉ "ፊልም ማሳደግ" ይላል። ስሕተቱ ይኼ ነበር።

"የህንድ ነው?" አሉት ጎረቤቱ ጆንያ ሰፊው ጋሼ ዘውገ። "ዘፈን አለው?"

"የሲኒማ አይደለም ጋሼ። ጥቁር እንክብል በሌዘር ብርሃን እንመታለን፤ እንክብሉ ይተንና መስታወት ላይ ያርፋል። ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ልባስ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ኤሌክትሪክ ይሰጣል።"

"ይታያል?"

"ብዙም አይታይም።"

"ሰው በአንተ ዕድሜ ልጅ ያሳድጋል፤ አንተ የማይታይ ፊልም ታሳድጋለህ!"

ከሰሙት ሁሉ አብልጦ የሳቀው በሪሁን ነበር። ጀርመን እያለ ፊልሙን አቧራ እንዳይነካው አፉን ሸፍኖ፣ ትንፋሹን ውጦ እንደ አራስ ልጅ ሲጠብቀው ኖሯል። አሁን ደግሞ በበርበሬ ብናኝ መሐል እያስነጠሰ ይኖራል፤ ምሁሩ!

ይዞት የመጣው ፊልሙ ያረፈባት ከመዳፍ የማትበልጥ አንዲት መስታወት ብቻ ነበር። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋት የኤሌክትሪክ መለኪያ መርፌ ሲንቀሳቀስ ካዩ፣ የምርምር ክፍል ሊሰጡት ነው፤ ካልሆነ ግን ፊልሙም ትምህርቱም እዚያው ያበቃል። በቀጠሮው ዕለት ጧት መስታወቷን መስኮት ሥር አስቀምጦ ሊላጭ ወጣ። ሲመለስ ጤናዬ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋት ፈገግ ብላለች።

"ይህን ጥላሸት ይዘህ ትልልቅ ሰዎች ፊት ልትቀርብ? በሎሚ እምቢ ቢለኝ በአመድ ፈገፈግኩት።"

በመስታወቷ ውስጥ የእህቱ ፊት ጥርት ብሎ ታየው።

"እትዬ... ፊልሙ እኮ እሱ ነው።"

"ወይኔ ጉዴ! ምነው እጄን በቆረጠው!"

"አንቺ ምን አጠፋሽ? ጥላሸት የሚመስል ነገር ያሳደግሁ እኔ!" ሊያጽናናት እየሞከረ ባዶዋን መስታወት ከእጇ ተቀበላት።

"ከቀጠሮው ልትቀር ነው?"

"ምን ይዤ ልሂድ?"

"አፍ የለህም?"

"አፌ ኤሌክትሪክ አይሰጥም።"

ሆኖም ከረባቱን አሰረ። አሁን የሚለምነው ክፍል ብቻ አይደለም፤ እንደገና የሚያሳድግበት ሌዘርም ጭምር ነው። በሩ ላይ ቆሞ "ፊልሙ ጀርመን ቀረ" ሲል ሞከረው፤ ውሸቱ አፉን ያዘው። "እህቴ አጠበችው" ሲል ግን ራሱንም አሳቀው።

"እውነቱን እነግራቸዋለሁ እትዬ። ቢያንስ ይስቃሉ።"

ከዚያ በጎጃም በረንዳ ጋሪዎች መሐል፣ ከረባቱን አንዴ እያጠበቀ አንዴ እያላላ፣ ሳይዞር ሄደ።