ሦስት ዓይኑ ብድግ ሲል

ሰፈሩ «ሦስት ዓይኑ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው፤ በአንድ የጠፈር ተከታታይ ድራማ ላይ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ሆኖ ይሠራል። ሥራ ከተባለ! ከካፒቴኑ ጀርባ ተቀምጦ የማይሠሩ ቁልፎችን ይነካካል፤ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ፊቱ ላይ የሚለጠፈው ግራጫ ላስቲክ ሦስት ዓይን አለው፣ አንዱ ግንባሩ ላይ፤ ግን አንዱም አያሳይም። ምስኪኑ የሚያየው በአፍንጫው ቀዳዳ ነው።

እሱስ ይሁን፤ ያንገበገበው ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው እሱ መሆኑን እናቱ አለማመኗ ነው።

«እማዬ፣ ያውልሽ! እኔ ነኝ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ለዚህኛውማ አድርጎለታል!» ትለዋለች መነጽሯን እያስተካከለች። «ሂድ ወዲያ! ሥራ ከፈታህ ፈታሁ በል፤ ምን ያስዋሽሃል?»

አብራት የምትኖረው እህቱ ብትምልም «አንቺም ግብረ አበሩ ነሽ» ተባለች። ሆድ ሲያር ጥርስ ይስቃል፤ እሱም ይስቃል።

በመጨረሻ ደራሲዎቹ ሊገድሉት ወሰኑ። አንድ ክፍል ብቻ ቀረው።

«በዚህ ካላወቀችኝ ዋሾ ሆኜ መቅረቴ ነው» አለ ለእህቱ። ከዚያም ለእናቱ፣ «እጄን አወዛውዝልሻለሁ፤ በዚያ ለዪኝ» ብሎ ቃል ገባ።

በቀረጻው ቀን ግን ዳይሬክተሩ ገና ከበሩ፣ «ዛሬ የሚንቀሳቀስ ጣት እንዳላይ!» ብሎ አስጠነቀቀ። ሦስት ዓይኑ ተስፋው ሙሽሽ አለ። ድንጋይ መስሎ እንደተቀመጠ የፕላኔቷ ንጉሥ ሆነው የሚሠሩት አዛውንት ተዋናይ ገቡ። እሱ ሆዬ ሳያስበው ከወንበሩ ብድግ!

«አቁም! ምን ሆነህ ነው?» ጮኸ ዳይሬክተሩ።

«ትልቅ ሰው ገቡ እኮ!»

አዳራሹ በሳቅ አወካ። አዛውንቱ ግን፣ «ተወው ልጄ፣ እንዳለ ይሂድ። ይህን ያህል ዘመን ንጉሥ ሆኜ ስሠራ የተነሣልኝ እሱ ብቻ ነው» አሉ። እንዳለ ሄደ።

ድራማው በተላለፈ ምሽት ከእናቱ አጠገብ ቁጭ አለ። በቀረጻው እጁን አላወዛወዘምና ዛሬ ምን ብሎ «ያውልሽ» ይበል? ንጉሡ ገቡ፤ ከኋላ ያ ግራጫ ፍጡር ብድግ አለ።

«ውይ! ልጄ!» አለች እናቱ።

«በምን ለየሽው?» አለች እህቱ።

«ትልቅ ሰው ሲገባ ተነሥ እያልኩ ጆሮውን ስቆነጥጥ የኖርኩት እኔ አይደለሁ እንዴ! ብድግ ብሎ እንደ ልማዱ ሱሪውን ሳብ ሲያደርግ አላየሽም?»

ደስታው እንባ በእንባ አደረገው። ይህን ጊዜ በድራማው ውስጥ ከወዲያ በኩል የጨረር ጥይት ተተኮሰና ሦስት ዓይኑ ተዘረረ።

«ኧረ ልጄን! ልጄን ገደሉት!» እናቱ ዘላ ከጎኗ የተቀመጠውን ልጇን አንገቱን አቀፈችው።

«እማዬ፣ እዚህ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ዝም በል» አለችው፤ እጁን ግን ድራማው እስኪያልቅ አልለቀቀችውም።