የጠበቃዋ ሶፍት

ባለቤቴ የታሰረው የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ አካባቢያችንን ባመሰበት ሰሞን ነው። ቡራዩ፣ አምቦ መንገድ ዳር፣ በርና መስኮት የሚበይድባት ጠባብ ቤት ነበረችው። ሰልፈኞቹ ሲበተኑ የተወሰኑት ሮጠው እሱ ዘንድ ገቡ። እሱም በሩን ዘጋላቸው። ፖሊሶች ሲያስከፍቱት እሱንም ደባልቀው ወሰዱት። ድንጋይ አልወረወረም፣ መንገድ አልዘጋም። ይህን ለመርማሪ ማስረዳት ግን ከእኔ አቅም በላይ ነበር። እኔ ከጎጃም መጥቼ እዚህ ያገባሁ፣ ኦሮምኛዬ ከገበያ የማያልፍ ሴት ነኝ። ጠበቃ ለማቆም ደግሞ አቅም የለንም።

ልጇ አብሮ የታሰረባት ጎረቤቴ፣ «ለችግረኛ በነጻ የምትቆም ጠበቃ አለች» ብላ ይዛት መጣችልኝ። እግዜር ይስጣት። ቆንጆ መሆኗን ግን አልነገረችኝም።

ጣቢያው በር ላይ ስንቅ የምናቀብል ሴቶች እንሰለፋለን። ፖሊሱ «ቅመሺ» ይላል፣ ከወጡ ቆርሰን እንቀምሳለን፣ ከዚያ ያስገባልናል። ባለቤቴን ከአጥሩ ማዶ ለአፍታ አየዋለሁ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቀኛል፣ በቃ። ኋላ ምሳ ዕቃው ሲመለስ ክዳኑን ከፍተን እናያለን። ግማሽ ከተረፈ ታሟል ማለት ነው። ሳይነካ ከተመለሰ ከፍቶታል ማለት ነው። የእኔው ሁልጊዜ ተጠርጎ ነበር የሚመለሰው። ሌሎቹ እያዩልኝ እኮራ ነበር።

እሷ ግን ምንም ሳትቀምስ ትገባለች። ክፍል ይሰጧታል፣ በር ይዘጋላቸዋል። «አካም ጅርቱ» ብላ ሰላም ስትለው፣ እሱም «ነጋ» ሲላት በመስኮቱ እሰማለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሉት አይገባኝም። ቤታችን የሚወራው በአማርኛ ነው፣ በአማርኛ ደግሞ ባለቤቴ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ከእሷ ጋር ግን ድምፁ አይቋረጥም። ያ ሁሉ ወሬ የት ተደብቆ ነበር? ደግሞ ሁልጊዜ ስትገባ ከፋይሏ ጋር አንድ እሽግ ሶፍት ትይዛለች። ስትወጣ ሶፍቱ የለም። ጠበቃ ፋይል ብትይዝ ይገባኛል፣ ሶፍት ምን ያደርግላታል?

«ምን አለሽ?» እላታለሁ።

«ደህና ነው እትዬ፣ አይዞሽ።»

«ሌላስ?»

«የሚነግረኝ በእኔና በእሱ መካከል የሚቀር ነው። ሕጉ ለሚስትም አትናገሪ ይላል።»

ሕጉ! በተክሊል ያገባሁት እኔ፣ የወለድኩለት እኔ፣ በፀሐይ የምሰለፈው እኔ፣ ምስጢሩ የእሷ። አንጀቴ እያረረ «እሺ እህቴ» እላታለሁ። ባሌን የምታስፈታው እሷ ናት፣ ምን ልበላት?

አንድ ቀን ደግሞ ወጥታ፣ «እትዬ፣ በርበሬውን ቀንሺለት፣ ሆዱን እያመመው ነው» አለችኝ።

«ምሳ ዕቃው እኮ ባዶ ነው የሚመለሰው!»

«ስንቅ ለማይመጣላቸው ነው የሚሰጠው። ይህን እንድነግርሽ ፈቅዶልኛል።»

ፈቅዶልኛል አለች። የባሌን ሆድ ሕመም በፈቃድ የምሰማ ሆንኩ። በማግስቱ ሹሩባ ተሠርቼ፣ የዓመት በዓል ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ፖሊሱ «ዛሬ ሠርግ አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ባለቤቴ ከአጥሩ ማዶ እጁን አነሣልኝ። ሹሩባዬን ማየቱን እንጃ።

ፍርድ ቤት የቀረበ ዕለት እሷ ቆማ ተናገረች። ሁሉም በኦሮምኛ ነው። እኔ የያዝኩት «ሃዳ መና» እና «ኢጆሌ» የሚሉትን ብቻ ነው፤ ሚስትና ልጆች ማለት ነው። ወደ እኔ ስታመለክት ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስለ እኔ እንኳ እሷ አውርታ እኔ አልገባኝም። ዳኛው ዋስትና ፈቀደለት። ጎረቤቴ በጆሮዬ «ተፈታ!» ስትለኝ ጠበቃዋ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። «ገለቶሚ» ብዬ አመሰገንኳት። ከልቤ ነበር። ሽቶዋንም አሸተትኩ።

ዋሱ ፈርሞ ቤት ከገባን በኋላ እግሩን እያጠብኩት አላስችል አለኝ።

«ለመሆኑ ከዚያች ልጅ ጋር ምን ነበር የምታወሩት?»

ሳሙናውን ከእጄ ወስዶ እግሩን ራሱ ማሸት ጀመረ።

«ሶፍቱስ?»

«አለቅስ ነበር» አለኝ። «ሰፈሩን ስትጠይቀኝ የአባቴን እርሻ አነሣሁ። ሲወሰድበት ዳር ቆሞ ያየውን። ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር ማቆም አቃተኝ።»

አባቱን ስንቀብር እንኳ ጋቢውን ወደ ፊቱ ስቦ ነው ያለፈው። እኔ የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር። ይኼኛው ባሰብኝ።

«እኔ ፊትስ ለምን አታለቅስም?»

«አንቺ ከዚያ ወጥተሽ ልጆቹ ዘንድ ነው የምትገቢው። ለቅሶዬን ተሸክመሽ ትግቢ?»

ለደግነት ነው ያደረገው፣ አውቃለሁ። ጠበቃዋንም እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ። ያንን እንባ ግን ዛሬም እቀናበታለሁ። የእኔ ነበር።

በቀደም ከሥራ ሲገባ ዓይኑ ቀልቶ ውሃ ያወርድ ነበር። አባቱ ያርስበት የነበረው ቦታ ላይ ለተሠራ ፎቅ በር ሲገጥም ነው የዋለው።

«ብየዳው ነው» አለኝ።

«እሺ» አልኩት። ሶፍት አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። ከዚያ የጓዳውን ሥራ ትቼ፣ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።