የአያቴ ቤት ምሰሶ

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሰፈራችን አሮጌ ቤት ሊፈርስ ሲል አያቴ ሳይጠሩ ይሄዱ ነበር። መጥረቢያ ከመነሣቱ በፊት የመሀሉን ምሰሶ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ «እግዜር ይስጥህ፤ ስንቱን ተሸክመህ አኖርህ» ይሉታል። ሰው ይስቃል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

እሳቸው አርፈው ሠልስታቸው እንደ ወጣ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ቤታቸውን ሊያፈርስ መጣ። የወይራውን ምሰሶ ቡሬ ከተማ ለሚሠራው ጠጅ ቤት ፈልጎታል።

«ወንድምዓለም፣ አርባቸውን እንኳ ከገዛ ቤታቸው እናውጣላቸው» ብላ እናቴ ለመነችው።

«ዳስ ጣዪ! ሙት ምን ቤት ያሻዋል?» አላት፣ ለለቀስተኛ የተቀቀለውን ንፍሮ አፉን ሞልቶ እያላመጠ። ፍርፋሪው ጢሙ ላይ ነበር። እንደዚያው እያኘከ መጥረቢያውን ምሰሶው ላይ አሳረፈው።

ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ የምሰሶው ጉድጓድ ብቻ ቀረ። አርባቸውን ጎረቤት ግቢ፣ በተውሶ ዳስ አወጣንላቸው።

አጎቴ ጠጅ ቤቱን ከፈተ። እናቴ ለገበያ ቡሬ ስትወጣ በደጁ ታልፋለች። «እታለም፣ ግቢ እንጂ!» ይላታል። እሷ ግን እስክትሞት ድረስ እሱ ቤት እህል ውሃ አልቀመሰችም።