በዝግ በር የተጠበሰ ወርቅ

ሸጎሌ፣ ጎህ ሲቀድ

ሌላው ተጓዥ ላሊበላ ይሄዳል፤ እኔ ከሸጎሌ ሽሮ ሜዳ። የእህቴ የአለሚቱ ባል ዘውዴ እጁ ይንቀጠቀጣል አሉኝ። ዘውዴ ሸማኔ ነው። ከወርቅ ቁፋሮ ከተመለሰ ወዲህ ግን መወርወሪያው ከእጁ እያመለጠ ሥራ ፈቷል።

ጭቃ፣ በግ፣ የታክሲ ወረፋ። በጎቹ ከእኛ ቀድመው ተጫኑ፤ አልተቀየምኩም።

ሾፌሩ የዘውዴን ነገር ስነግረው ሳያየው መረመረው፦ ወርቅ ይዞ የገባን ሰው ዓይን ይበላዋል አለ። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ጠበል አዘዙ። አንዱ ጎረምሳ ነጭ ሽንኩርት በማር ጨመረበት። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ሕክምናው አልቆ ነበር፤ የቀረው በሽተኛው ብቻ ነው።

ሽሮ ሜዳ፣ ረፋድ

ጋቢ፣ ነጠላ፣ በየሱቁ ደጃፍ የተሰቀለ ጥበብ ቀሚስ። የእነ ዘውዴ ቤት ከሱቆቹ ጀርባ ነው። አለሚቱ በበሩ ስንጥቅ አይታኝ ከፈተች። ሆዷ ገፍቷል፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው።

ዘውዴ ሻይ ሲያቀብለኝ ግማሹን ምንጣፉ ጠጣው። ድካም ነው አለና ስለ ወርቅ ያስተምረኝ ጀመር። የድሮ ሰው ባዜቃ የሚለው ሜርኩሪ አሸዋው ላይ ሲጨመር ወርቁን ሰብስቦ ይይዛል። ከዚያ በነጠላ ቁራጭ ይጨመቃል፤ ነጠላውን ራሱ ስለሸመነው እዚያ እንደሱ ጨማቂ አልነበረም፣ እሱ እንዳለው። ነጠላው ውስጥ የቀረውን የወርቅና የሜርኩሪ ድብልቅ ግን የወርቅ ደላሎቹን ስላላመነ ሳያቃጥል ቤቱ ይዞት መጣ። በእንቁላል መጥበሻ፣ ከሰል ላይ፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ጠበሰው። ሜርኩሪው ይተናል፣ ወርቁ ይቀራል።

«ተንኖስ የት ይሄዳል?» አልኩት።

«ይጠፋላ።»

«በሩ ክፍት ነበር?»

«አብደሃል እንዴ? ሰው እያየን?»

መስኮቱን እንኳ በጋቢ ደፍነውታል። ወይ ጉድ! የጎረቤት ዓይን እንዳይገባ ብለው ጢሱን አብረውት እንዲኖር አስገደዱት። ክንዱን ይዤ አወጣሁት።

ጳውሎስ፣ ከሰዓት

ተማሪ፣ ፋርማሲ፣ ካርቶን የታቀፈ አስታማሚ። አንድ ክሊኒክ ገባን። ሐኪሟ እጅህን ዘርጋ ብላ ጣቶቹን አየች፤ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ትነቱ በሳንባ ገብቶ ነርቭ ይጎዳል አለች፤ የደምና የሽንት ምርመራ አዘዘች።

ቀጥላም «ሲጠበስ ቤት ውስጥ ማን ነበር?» ስትል ጠየቀችው።

ዘውዴ ወደኔ አየ። «ባለቤቴ» አለ። «እርጉዝ ናት።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ለፅንሱም አደገኛ ነው፤ ዛሬውኑ አምጣት፣ ቤቱ ይከፈት፣ መጥበሻውን ማንም እንዳይነካው አለችው። ፈራሁ። እስከዚያች ሰዓት ስቀልድ ነበር የዋልኩት።

ሽሮ ሜዳ፣ አመሻሽ

በሩ እንደገና ዝግ ነው። እንቁላል ይሸታል፤ እህቴ ለእንግዳው፣ ለኔ ማለት ነው፣ እየጠበሰች ነበር። በየትኛው መጥበሻ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ዘውዴ ሮጦ ገባ። መጥበሻውን ከነእንቁላሉ አንስቶ ግቢው ዳር አስቀመጠው። ጋቢውን ከመስኮቱ ገነጠለ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።

«ዘውዴ፣ ሰው እያየን ነው» አለች አለሚቱ።

«ይየን» አለ፤ እንባው ይወርዳል። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ እጇን ይዞ ወደመጣንበት ታክሲ ወሰዳት። በሩን ልዘጋላቸው ስመለስ ከሩቅ ጠራኝ፦

«ተወው፣ ክፍት ይደር።»