አራት ወር ለባሕሩ

ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የባሕር ዓሣ እሸጣለሁ። ድሬ ባሕር የላትም፤ ዓሣው በበረዶ ሣጥን ታሽጎ በመኪና ከጎረቤት አገር የወደብ ከተማ ነው የሚመጣልኝ። የሚልክልኝ የእናቴ ወንድም ነው፤ በሶማልኛ አብቲ እለዋለሁ። ዕድሜውን በሙሉ በትንሽ ጀልባ ሲያጠምድ የኖረ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው።

ሱቁን በከፈትኩ ሰሞን አንዱን ዓሣ ለሁለት ቤተሰብ እከፍለው ነበር። እያነሰ እያነሰ መጣና ለአንድ ሰው ምሳ ሁለት መጥበስ ግድ ሆነ። አብቲን በስልክ ምን እንደተፈጠረ ጠየቅኩት።

«የኩባንያ መርከቦች ጠረፉ ድረስ እየገቡ ጠባብ መረብ ይጥላሉ» አለኝ። «እንቁላል ሊጥል የመጣውንም፣ ገና የተፈለፈለውንም ጠርገው ይሄዳሉ።»

ባለፈው ዓመት በዚያ አገር አንድ ደንብ ተረቀቀ። ዓሣ እንቁላል በሚጥልባቸው አራት ወራት መርከቦቹ ወደ ጠረፉ እንዳይጠጉ፣ ጠባብ መረብም እንዳይጣል የሚከለክል ነው። ባለ ትንንሽ ጀልባዎቹ ደገፉት፤ ባለመርከቦቹ ተቃወሙት፤ ጭቅጭቁ ምክር ቤታቸው ገባ። ባለመርከቦቹ ዓሣ የሚገዟቸውን ነጋዴዎችም ከጎናቸው ማሰለፍ ያዙ። እኛ ዘንድም «ደንቡ ከጸደቀ የድሬ ዳዋ የዓሣ ገበያ ይዘጋል» የሚል ወረቀት መጣ። ከሥሩ መፈረም ብቻ ነበር የቀረን።

ወረቀቱን ያመጣው የነጋዴዎቹ ሰብሳቢ ነው። እንደ አባቴ ወንድም ቆጥሬ አዴር የምለው፣ የዓሣ ቢላ አያያዝ ያስተማረኝ፣ ባሌ ሲሞት ማቀዝቀዣውን ያጋራኝ ሰው። ለእሱ እምቢ ማለት ከበደኝ። ቢሆንም ለመፈረም በተሰበሰብንበት ቀን፣ ጠዋት ከገባልኝ ዓሣ አንዱን በፌስታል ይዤ ሄድኩ።

ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። «አዴር፣ ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ።»

ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፌ የዓሣዋን ሆድ ቀደድኩት። ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም፤ ሆዷ ግን በእንቁላል ተሞልቷል።

«የምንሸጠው ይህንን ነው» አልኩ። «ይቺ ካልወለደች ከርሞ ምን እንሸጣለን?»

«አቦ! ሱቃችንን ልታዘጊ ነው እንዴ?» አለ አዴር። «አራቱን ወር ምን ልትበዪ ነው?»

«ሌላ ነገር እሸጣለሁ።»

ከኋላ አንዱ፣ «አጎቷ አጥማጅ ስለሆነ ነው ለእሱ የምትከራከረው» ሲል ሰማሁ።

ፊቴ ጋለ። «አዎ፣ አጎቴ ነው። ባሕሩን በዓይኑ የሚያየው እሱ ስለሆነ ነው ያመንኩት» አልኩና ተቀመጥኩ።

ከእኔና ዓሣ እየጠበሰች ከምትሸጥ አንዲት ሴት በቀር ሁሉም ፈረሙ። አዴር ወረቀቱን አጥፎ ሳይሰናበተኝ ወጣ። ያ ከስድብ በላይ አመመኝ።

እኔና ሴትዮዋ ግን ነገሩን እዚያ አልተውነውም። በማግስቱ የራሳችንን ደብዳቤ ጻፍን፤ እሷ በአማርኛ፣ እኔ በሶማልኛ። አብቲ ራሱ ይዞት ምክር ቤቱ ገባ። ከሳምንታት በኋላ ደወለልኝ።

«አነበቡት» አለ። «ደንቡ ጸድቋል። አራቱን ወር ግን ሁለት አድርገውታል» አለኝ።

ደስ ልበል ወይስ ልናደድ አላወቅኩም።

ሁለቱ ወራት ቀላል አልነበሩም። አብቲ በሰፊ መረብ የሚይዘው ጥቂት ስለነበር ወደ ድሬ የሚላክ አልተረፈም። በዓሣ መጥበሻዬ የምስር ሳምቡሳ እየጠበስኩ መሸጥ ያዝኩ። አንዳንዱ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ «ዓሣ የሌለው ዓሣ ቤት!» እያለ ይስቅ ነበር። አዴር ደግሞ ሱቄ አጠገብ ሲደርስ መንገድ ይሻገራል። ብዙ ቀን እጄ ሊጡ ውስጥ እንዳለ፣ ምን ነክቶኝ ነው ብያለሁ። አንድም ቀን ግን «ምነው በፈረምኩ» አላልኩም።

ገደቡ አብቅቶ የመጣልኝ የመጀመሪያው ሣጥን ዓሣ ከበፊቱ ብዙም አልተለየም። አብቲ ሁለት ወር እንደማይበቃ ነግሮኝ ስለነበር አልደነቀኝም። አዴር አሁን ሰላም ይለኛል፤ አንዴም ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ስለ ሙቀቱ አወራን፣ ስለ ደንቡ ግን አንዳችንም አላነሣንም።

በመጪው ክረምት ምክር ቤቱ ደንቡን እንደገና ያየዋል አሉ። አራቱ ወር ሙሉ ይሁን ብለን አዲስ ደብዳቤ ጽፈናል፤ አሁን አምስት ሆነናል። ከድሬ ወጣ ብላ ባለችው መልካ ጀብዱ ዓሣ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ እንዲፈርም ስጠይቀው፣ «መጀመሪያ በደንብ አስረጂኝ» ብሎኛል። ዛሬ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ወደ እሱ እሄዳለሁ።