ያልነበረው ሰው ግምገማ

ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ደርሼ «ጥገኝነት እጠይቃለሁ» ስል ተቆጣጣሪው ፓስፖርቴን አገላብጦ አየና ወንበር አሳየኝ። ከቀትር በኋላ ካቴና ያጠለቀልኝ ሌላ ወጣት ነው። እያጠለቀልኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። ባገሬ ታስሬ አውቃለሁ፤ ይቅርታ ተጠይቄ መታሰር ግን አዲስ ሆነብኝ። «ምንም አይደል» አልኩት።

ከዴንቨር ጎን አውሮራ ወደሚገኘው የስደተኞች ማቆያ ወሰዱኝ። ሰፊ አዳራሽ ነው። ተደራራቢ የብረት አልጋዎች፣ ከወለሉ ጋር የተያያዙ ጠረጴዛዎች፣ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን። ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። ሰማይ የሚታየው ከጣሪያው ሥር ባለች ጠባብ መስታወት ነው። አልጋዬን አንጥፌ ዞር ስል ሰዎች አዳራሹ መካከል ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሪዙ የሸበተ ሽማግሌ ቆሞ በስፓኒሽ ይናገራል። አንድ ስም እየደጋገመ ይጠራል፣ ጣቱን ያነሣል። የተቀመጡት አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ጠይም ሰው ብቻ አቀርቅሯል።

ክው አልኩ። ግምገማ ነው። ሽማግሌውም የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ መሰለኝ።

እኔ ባገሬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። በየጊዜው ለግምገማ እንሰበሰባለን። አንዱ ይነሣና የሌላውን ጥፋት ይዘረዝራል፣ ሌላው ይጨምርበታል፣ በመጨረሻ እጅ ይወጣል። አንድ ቀን በአንድ ባልደረባችን ላይ እሱ በሌለበት እጅ አውጡ ተባልን። እኔ አላወጣሁም። ለምን ስባል «ሰውየው ይምጣና ይጠየቅ» አልኩ። የታሰርኩት በዚችው ነው። ስፈታ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብዬ፣ ሁለተኛ ስብሰባ ውስጥ አፌን ላልከፍት ለራሴ ማልኩ።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ያገሬ ልጅ ነበር። ሞንትቤሎ የሚባል የዴንቨር ሰፈር የሚኖር ታክሲ ነጂ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ ተበላሽቶበት ነው የገባው። ስፓኒሹን የሆቴል ወጥ ቤት ሲሠራ ከሜክሲኮዎቹ ለምዶታል።

«ማንን ነው የሚገመግሙት?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ግምገማ አይደለም ጋሼ። ቤዝቦል ነው።»

«ቤዝቦል ሜዳ ላይ አይደለም እንዴ?»

«እነሱ በካርታ ነው የሚጫወቱት። ሊግ አላቸው። ተጫዋቾቹን ራሳቸው ነው የፈጠሯቸው። ካርታ ይስባሉ፤ ኪንግ ከወጣ ኳሱ ካጥር ወጣ ማለት ነው። አሁን ሪታየር ካደረጉት ተጫዋቾች ማን ሆል ኦፍ ፌም ይግባ እያሉ ነው ዲቤት የሚያደርጉት።»

«የት ነው የሚገባው?»

«ሆል ኦፍ ፌም። እንዴት ልበልዎት... የዝነኞች አዳራሽ ነው። እዚያ የገባ ሰው አይረሳም።»

«እና የሚከሰሰው ሰውዬ የለም?»

«የለም። ኖሮም አያውቅም» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከክቡ ጥግ ቁጭ ማለት ለመድኩ። ሽማግሌው ኩባዊ ነው። አገሩ አልቀበለውም ስላለ ከሁሉም በላይ የቆየ እሱ ነው፤ ሊጉንም ያቋቋመው እሱ። ካርታ ሲስቡ ስለ ተጫዋቾቹ የሚያወሩት ስለ ጎረቤት እንደሚወራ ነው። እከሌ ጉልበቱን አሞታል፣ እከሌ መጠጥ አብዝቷል ይባላል። ሌላም ጉድ አለ፤ ተጫዋቾቹ ያረጃሉ። ሽማግሌው ለእርጅና ደንብ አውጥቶላቸው ጉልበታቸውን ጥቂት ጥቂት እያለ ይቀንስባቸዋል። የፈጠሩትን ሰው ምን ብለው ያስረጁታል? በሞንትቤሎው ልጅ በኩል አስጠየቅሁት።

«ካላረጀ ማን ያምነዋል?» አለኝ።

ያ አቀርቅሮ የነበረው ሰው ኒካራጓዊ ነው። እዚያው ዴንቨር አቅራቢያ ሊትልተን ውስጥ በረዶ የደበደበውን ጣራ ሲጠግን የኖረ ነው። ወደ አገሩ እንዲመለስ ተፈርዶበታል፤ አንድ ጧት ይጠሩትና ይሄዳል፣ የትኛው ጧት እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ክርክሩ እሱ በፈጠረው ኳስ ወርዋሪ ላይ ነበር። ኒካራጓዊው ደግሞ ቸኩሏል፤ ሳይወስዱት በፊት ወርዋሪው ሲገባ ማየት ፈለገ። በሊጉ ውስጥ እንደዚያ ወርዋሪ ያለ አልነበረም፤ ይህን ሽማግሌውም አይክድም። ግን የዋንጫው ጨዋታ እኩሌታ ላይ ጠባቂዎቹ መጥተው ኒካራጓዊውን ፍርድ ቤት ወሰዱት። ካርታው ሳይሳብ ቀረ፣ ቡድኑም በደንቡ መሠረት ተሸነፈ።

አንድ ማታ ክርክሩ እንደገና ተነሣ፤ የሞንትቤሎው ልጅ ይተረጉምልኛል። «ከመካከላችን ያልተጠራ የለም» አለ ሽማግሌው። «አንዱን ሐኪም ይጠራዋል፣ ሌላውን ዳኛ። ምክንያት መቁጠር ከጀመርን አንድም ጨዋታ አያልቅም። የዋንጫ ጨዋታ ጥሎ የወጣ አይገባም።»

እውነቱን ለመናገር የሚናቅ ክርክር አልነበረም። ብዙዎቹም ወደ እሱ አደሉ። ኒካራጓዊው ቀና ብሎ «በካቴና ነው የወጣሁት። እምቢ ልበል ኖሯል?» አለና መልሶ አቀረቀረ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። አላስችል አለኝ።

«አንድ ነገር ጠይቅልኝ» አልኩት የሞንትቤሎውን ልጅ። «ባለቤቱ ሲወሰድ ተጫዋቹ የት ነበር?»

«ተጫዋቹ የለም አልኩዎት እኮ ጋሼ።»

«ገብቶኛል። ብቻ ጠይቅልኝ።»

ጠየቀልኝ። አንድ ሁለቱ ሳቁ። ሽማግሌው ግን አልሳቀም። ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ካርታዎች ሰበሰበ።

«ሜዳው ላይ ነበር» አለ። «ኳሱን ይዞ መካከል ላይ ቆሞ ነበር።»

«ጥሎ ሄደ?»

«አልሄደም። እሱን ማንም አልጠራውም።» ቀጠለና «እስካሁንም እዚያው ነው የቆመው» አለ።

ቀጥሎ ያደረገውን ባይኔ ባላይ አላምንም ነበር። «ተሳስቻለሁ» አለና ከሁሉ ቀድሞ እጁን አወጣ። ይህችን ቃል በግምገማ ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ሁልጊዜ ግን ከተከሳሽ አፍ። ከከሳሽ አፍ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። ሌሎቹም አንድ በአንድ አወጡ። እኔም ማውጣቴን ያወቅሁት ካወጣሁ በኋላ ነው። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ባገሬ እንዲህ ያለ አንድ ቀን አለማየቴ አንገበገበኝ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ቁርስ ከመድረሱ በፊት ኒካራጓዊውን ጠሩት። ዕቃውን በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ ዞረና ጠባቂውን አንድ ደቂቃ ለመነው። የዝነኞች አዳራሽ የገባ ተጫዋች ንግግር ያደርጋል፤ ደንቡ ነው። ጠባቂው ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደገፈ። ሰዎቹ እየተነሡ ባልጋቸው አጠገብ ቆሙ። ሽማግሌው የሹራብ ቆቡን አወለቀ።

ኒካራጓዊው ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተና «ስለ እሱ ሆኜ አመሰግናለሁ» አለ። «ብቻውን ቆሞ ነበር፤ ሄዳችሁ አመጣችሁት።» ሌላ አልጨመረም። እጁን አጣምሮ ለካቴናው ሰጠ፤ በሩም ተዘጋ።

እኔን ዳኛው ሰማኝ፤ ጥገኝነት አገኘሁ። እዚያው አውሮራ ቀርቼ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ። ኒካራጓዊው የት እንደደረሰ አላውቅም፤ ሙሉ ስሙን ስላልያዝኩ ላፈላልገው አልቻልኩም። ስለ እስር የሚጠይቁኝ ሰዎች ባገሬ እስር ቤት የነበረውን የዱላ ወሬ ነው የሚጠብቁት። ያንንም እነግራቸዋለሁ። ወርዋሪውን ሳነሣባቸው ግን ነገር የማሸሽ ይመስላቸዋል።

የሞንትቤሎው ልጅም ጉዳዩ ተስተካክሎለት ወጣ። አንድ እሑድ ዴንቨር መሀል ያለው ስታዲየም ይዞኝ ሄደ። እውነተኛ ቤዝቦል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ አብዛኛው አልገባኝም። ወርዋሪው ኳሱን በእጁ ይዞ ሜዳው መካከል ቆሟል። አይወረውርም። ዙሪያዬ ያለው ሰው ኦቾሎኒ ይፈለፍላል፣ ያወራል፣ ቢራ ያዝዛል። እኔ ዓይኔን ከሰውየው መንቀል አቃተኝ።

«ምን እያዩ ነው ጋሼ? ገና ስታርት አላደረጉም እኮ» አለኝ ልጁ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ሰው እየጠበቀ ነው።»